ኢያቄም አንድ የተባለው ኮከብ

ኢያቄም፦ በግራ አልቀመጥም አልኩ፣ አልቀመጥም!

ቀጄላ፦ ቲቸር፣ በቀኝ በኩል ጭቃ ይረጫል።

ኢያቄም፦ ኦቦ ቀጄላ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጭቃ ከጎማ ላይ የሚወጣው በታንጀንት ነው።

ቀጄላ፦ በምን?

ኢያቄም፦ በታንጀንት! ጎማው ሲዞር ጭቃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። እኔ ደግሞ የምቀመጠው ከጎማው ፊት ነው። በሳይንስ ሕግ አይነካኝም።

ቀጄላ፦ ጭቃው ሕጉን ሰምቷል?

ኢያቄም፦ ይንዱ ዝም ብለው!

[ቀጄላ ልጓሙን ነካ አደረገ። ጋሪው አሥር እርምጃ ሳይሄድ ቀኙ ጎማ ጉድጓድ ገባ። ከጉድጓዱ ሕግ የማያውቅ ጭቃ ተነሣና የኢያቄምን ጉንጭና አዲሱን ክራቫት አገኘ።]

ቀጄላ፦ ታንጀንት መጣ?

ኢያቄም፦ [በመሐረብ እየጠረገ] ጉድጓዱን አላሰላሁትም ነበር።

[ኢያቄም እንዲህ የለበሰው በከንቱ አልነበረም። ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ የሚኖረው ግን ፉሪ፣ ቀጄላ ግቢ ውስጥ በተከራያት አንድ ክፍል ነው። ቀጄላ አያቶቹ ባረሱት መሬት ላይ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ፣ በተረፈችው ቁራሽ ጎመን የሚተክል፣ ክረምት ገብቶ ባጃጅ እምቢ ሲል ደግሞ እስከ አስፋልቱ የሚያደርስ ጋሪ የሚያወጣ፣ ስድሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ነው። ኢያቄም ስምንት ወር ሙሉ በር ዘግቶ ከላፕቶፑ ጋር ሲፋጠጥ ከርሞ በመጨረሻ “አዲስ ኮከብ አገኘሁ” አለ። በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ በሰማይ ተመራማሪዎች ስብሰባ ፊት ቆሞ ሊናገር ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ማኑሄ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘው ሊመጡ ነው። ኢያቄም ይህን ታሪክ ዛሬ ሲያወራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። ያን ሰሞን ግን ፊታቸውን የሚሸፍኑት ሰሚዎቹ ነበሩ፤ አነጋገሩ አያስቀርብም ነበር።]

ቀጄላ፦ ቆይ እስቲ ቲቸር። ይህን ኮከብ ከቤት ሳትወጣ ነው ያገኘኸው?

ኢያቄም፦ ከአልጋዬ ሳልወርድ! ሳተላይቱ ያየውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ይለቁታል። የፈለገ ያወርዳል። እኔም አወረድኩ።

ቀጄላ፦ ሳተላይቱን እኔ ግቢ አወረድከው?

ኢያቄም፦ መረጃውን ነው ያወረድኩት!

ቀጄላ፦ ጣራዬ ላይ ያለው ዲሽ ሰሞኑን የተንሸዋረረው ለዚህ ነዋ!

ኢያቄም፦ ዲሽ ሌላ፣ ሳተላይት ሌላ። ዲሹ ጣራ ላይ ተቸንክሮ ይቆማል። ይህኛው ሳተላይት ሰማይ ላይ ነው፤ በየሰዓት ተኩሉ ምድርን አንዴ ይዞራል።

ቀጄላ፦ ምን ጠፍቶት?

ኢያቄም፦ ጋማ ይፈልጋል።

ቀጄላ፦ [የፈረሷን የዳማን አንገት እያየ] ለአንድ ጋማ ሰማይ ድረስ?

ኢያቄም፦ የፈረስ ጋማ አይደለም! ጋማ ጨረር! እንደ ብርሃን ያለ ነገር ነው፤ ግን ዓይን አያየውም፣ ጉልበቱም ከብርሃን እጅግ ይበልጣል። ትልልቅ ኮከቦች ሲፈነዱ ይወጣል። አየሩ ስለሚያስቀረው እኛ ጋ አይደርስም። ለዚህ ነው ጠቋሚውን ወደ ላይ የላኩት።

ቀጄላ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጠቋሚ?

ኢያቄም፦ አዎ፣ ጠቋሚ።

ቀጄላ፦ ሰማይም ላይ ጠቋሚ አስቀመጡ?

ኢያቄም፦ የጨረር ጠቋሚ ነው የምልዎት! መስታወት የመሰለ ክሪስታል ነው። ጋማ ሲመታው ብልጭ ይላል፤ መሣሪያው ብልጭታውን ይቆጥራል።

ቀጄላ፦ ቆጥሮስ ለማን ይናገራል?

ኢያቄም፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] ለእኔ!

ቀጄላ፦ አሃ። [ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ።] እኛ ቤት ምንም የለም፣ ቲቸር። ጎመን ብቻ ነው።

ኢያቄም፦ ምን ዓይነት ሰው ጋር ነው የተሳፈርኩት፣ ጌታዬ! ይስሙኝ። ከባዱ ነገር ኮከብ ማግኘት አይደለም። ከባዱ ዳራው ነው።

ቀጄላ፦ ማን ነው የተዳረው?

ኢያቄም፦ ማንም አልተዳረም! ዳራ ማለት ከኋላ ያለ ጫጫታ ነው። ሳተላይቱ ያለበት ቦታ ባዶ እንዳይመስልዎት። ጨረር ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል፣ ከታች ከምድር አየር ይመጣል፣ ደግሞ ከሩቅ የሚበሩ ቅንጣቶች የሳተላይቱን ብረት ሲመቱት ከራሱ ከብረቱ ይወጣል። መሣሪያው ከሚቆጥረው አብዛኛው ጫጫታ ነው።

ቀጄላ፦ ገበያ መሃል ልጅህ ስትጠራህ ድምጿን ለይቶ እንደመስማት በለኛ።

ኢያቄም፦ እ... አዎ። እንደዚያ ነው። [ምሳሌው ከእሱ አፍ ባለመውጣቱ ቅር አለው።] በእርግጥ ከዚያ ይወሳሰባል።

ቀጄላ፦ እና አንተ እንዴት ለየኸው?

ኢያቄም፦ ቀላል ነው! ሳተላይቱ ሰላም በሆነ ቦታ ሲያልፍ ጫጫታው ስንት እንደሆነ ለካሁ። ያንን ከሌላው ሁሉ ላይ ቀነስኩ። ቀንሼ ስጨርስ አንድ ነገር ተረፈ። ያ የተረፈው...

ቀጄላ፦ ኮከቡ።

ኢያቄም፦ ኢያቄም አንድ!

ቀጄላ፦ ማን?

ኢያቄም፦ የኮከቡ ስም ነው።

ቀጄላ፦ አንድ ያልከው ለምንድን ነው?

ኢያቄም፦ ሁለተኛም ማግኘቴ ስለማይቀር ነዋ።

ቀጄላ፦ እሰይ፣ ዘር ይውጣልህ። በየት በኩል ነው ያለው? ማታ ወጥቼ ላየው።

ኢያቄም፦ በዓይን አይታይም። ደግሞም... አቅጣጫው ገና አልታወቀም።

ቀጄላ፦ አግኝተኸዋል፣ ግን የት እንዳለ አታውቅም?

ኢያቄም፦ ይህ መሣሪያ ብልጭታ ይቆጥራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይለይም!

ቀጄላ፦ እኔም በቀደም በሬዬ ጠፍቶብኝ እንደዚሁ አግኝቼው ነበር። የት እንዳለ ብቻ ነው ያላወቅሁት።

ኢያቄም፦ ይንዱ፣ ኦቦ ቀጄላ! ይንዱ!

[መንገዱ ወደ ዳገቱ ዞረ። ዝናቡ የቦረቦረው ኮረት ላይ ዳማ አንገቷን አርዝማ ትጎትታለች። ኢያቄም ጥቅል ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎታል። በውስጡ ስምንት ወር የደከመበት ሥዕል አለ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ሽቅብ እየዘለለ ቁልቁል የሚንሸራተት ቀይ መስመር። ዝም ለማለት አስቦ ነበር፤ ግን ስለ ኮከቡ ካልተናገረ ትንፋሽ ያጥረዋል።]

ኢያቄም፦ ጠባዩ ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለዎት! በየቀኑ ይመጣል። አምስት ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ይደምቃል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና።

ቀጄላ፦ ሥራ የሚገባ ኮከብ ነው።

ኢያቄም፦ ሲደምቅም ባንዴ ነው፤ ሲደበዝዝ ግን ቀስ ብሎ። በሃያ አምስት ደቂቃ ግማሹ ይቀራል፣ በሌላ ሃያ አምስት ደቂቃ የግማሹ ግማሽ። ሰዓት እላለሁ እንጂ ኮከብ አይባልም!

ቀጄላ፦ ሲደምቅ ሳተላይቱ በማን አገር በኩል እያለፈ ነው?

ኢያቄም፦ ለኮከቡ ምን ያደርግለታል? የብራዚልን ባሕር አልፎ ሲወጣ ነው።

ቀጄላ፦ ሁልጊዜ?

ኢያቄም፦ ሁልጊዜ። እዚያ ባሕር ላይ አንድ ክፉ ቦታ አለ። የምድር መግነጢስ እዚያ ይደክማል፤ ሌላ ቦታ ከፍ ብለው የሚቀሩት ቅንጣቶች በዚያ በኩል ዝቅ ብለው ይወርዳሉ። ሳተላይቱ ሲገባበት እንደ በረዶ ይወርዱበታል። ስለዚህ እዚያ ሲደርስ መሣሪያውን ያጠፉታል።

ቀጄላ፦ ሲወጣስ?

ኢያቄም፦ ያበሩታል።

ቀጄላ፦ ሲያበሩትስ?

ኢያቄም፦ ኮከቤ ቦግ ብሎ ይጠብቀዋል!

[ዳገቱ አለቀ። ቀጄላ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ጋሪውን አቆመ። ዳማ አራት እግሯን ተክላ ቆመች፤ ጎኗ ግን እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይጎድላል።]

ኢያቄም፦ ምነው ቆምን? ሰዓት እየሄደ ነው!

ቀጄላ፦ ትንፋሿን ትሰብስብ። ... ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣ።

ኢያቄም፦ ይጠይቁ፣ ይጠይቁ። አላዋቂ ካልጠየቀ አያውቅም።

ቀጄላ፦ መሣሪያው የሚበራበትን ሰዓት ለኮከቡ ማን ነገረው?

ኢያቄም፦ ምን ማለት ነው?

ቀጄላ፦ አንተ ነህ ያልከው። በረዶው ሲወርድበት ያጠፉታል፤ ከበረዶው ሲወጣ ያበሩታል፤ ገና ሲያበሩት ኮከቡ ደርሶ ቦግ። በየቀኑ። ኮከቡ እዚያ ባሕር ዳር ዘመድ አለው?

ኢያቄም፦ ኦቦ ቀጄላ፣ ይህ እኮ ሳይንስ ነው...

ቀጄላ፦ እሺ፣ ሳይንሱን ተወው። ዳማን እያት። ቆማለች አይደል?

ኢያቄም፦ ቆማለች።

ቀጄላ፦ ዳገቱስ አልቋል አይደል?

ኢያቄም፦ አልቋል።

ቀጄላ፦ ታዲያ ለምን ታለከልካለች?

ኢያቄም፦ ዳገቱን ስለወጣች ነዋ! ጉልበቷ ውስጥ የቀረ ሙቀት...

[ኢያቄም ዞር ብሎ የፈረሷን ጎን አየ። ጎኗ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ረገብ፣ ከዚያ ይበልጥ ረገብ ብሎ ተነፈሰ። ጥቅሉን ቀስ ብሎ ፈታና ቀዩን መስመር አየ። ቦግ፣ ረገብ፣ ይበልጥ ረገብ።]

ቀጄላ፦ ቲቸር? ... ምነው ፊትህ ነጣ?

ኢያቄም፦ አዮዲን።

ቀጄላ፦ ቁስል አለህ እንዴ?

ኢያቄም፦ ክሪስታሉ ውስጥ አዮዲን አለ! ቅንጣቶቹ ሲደበድቡት አዮዲኑ ራሱ ጨረር አመንጪ ይሆናል። መሣሪያውን ቢያጠፉትም ይደበደባል። መጥፋቱ አያድነውም! ከዚያ ሲያበሩት... የራሱን ሕመም ይቆጥራል። ግማሽ ዕድሜው ደግሞ...

ቀጄላ፦ ሃያ አምስት ደቂቃ?

ኢያቄም፦ ሃያ አምስት ደቂቃ! እኔ ነኝ የማስተምረው! በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ! ባለፈው ፈተና አውጥቼው ግማሹ ክፍል ሲስት “እናንተ ድንጋዮች” ያልኳቸው እኔ!

ቀጄላ፦ እና ኮከቡ...

ኢያቄም፦ ኮከብ የለም። መሣሪያው እያለከለከ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የተቀመጥኩት የአንድ ቁራጭ ክሪስታል ትንፋሽ ስቆጥር ነው። ሰላም ያለበትን ቦታ ጫጫታ ለክቼ ከታመመው ላይ ቀነስኩ! ከሌላ ሰው ቁመት የኔን ክብደት ቀነስኩ!

ቀጄላ፦ ያ ዋቃ! ስምህን እኮ ሰጥተኸዋል።

ኢያቄም፦ ያዙሩት ጋሪውን!

ቀጄላ፦ ወዴት?

ኢያቄም፦ ወደ ቤት! ታምሜያለሁ እላለሁ። ወባ።

ቀጄላ፦ ፉሪ ላይ ወባ?

ኢያቄም፦ ታይፎይድ! ... ወይም ቆይ። ቆይ። [ዙሪያውን አየ።] ሄጄ ብናገርስ? እንዳለ፣ ምንም ሳልቀይር? ማን ያውቃል? የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

ቀጄላ፦ ዳማም ሰምታለች።

ኢያቄም፦ አይቀልዱብኝ! እነዚህ የሰማይ ተመራማሪዎች ጋ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። ከእነሱ ጋር መሥራት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምኞት የለኝም። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ተማሪዎቼ በዩኒፎርም ተሰልፈው ይጠብቁኛል። አሁን ገብቼ “ኮከቡ ሞተ” ልበላቸው?

[ቀጄላ ወርዶ የዳማን አንገት በመዳፉ ደባበሰ።]

ቀጄላ፦ ወጣት ሆኜ ሰበታ ገበያ አንድ ፈረስ ሸጥኩ። የኋላ እግሩን ያነክሳል። ሲቆም አይታወቅበትም፤ ትንሽ ከሄደ ነው የሚብስበት። ስለዚህ ማለዳ ወስጄ አሳረፍኩና እንደቆመ ሸጥኩት። የገዛው ሽማግሌ መርቆኝ ሄደ።

ኢያቄም፦ ይህ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?

ቀጄላ፦ በወሩ አባቴ ሚስት ሊጠይቅልኝ ሽማግሌ ላከ። ከልጅቱ ቤት ማን ተቀምጦ ተቀበላቸው?

ኢያቄም፦ አይደረግም!

ቀጄላ፦ አጎቷ፤ ያው ፈረሱን የገዛው ሽማግሌ። ፈረሱ ደጃፉ ላይ ታስሯል። ሽማግሌዎቹን “ልጃችሁንም አስኪዱልኝና እግሩን ልየው” አላቸው። ሁለት ዓመት አስጠበቀኝ፣ ቲቸር! በዚያ ሁለት ዓመት ሰበታ ገበያ ደህና በሬ ይዤ ብሄድ እንኳ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን ነበር የሚያየው። “ያነክሳል” ብዬ ብሸጠው ኖሮ ትንሽ ነበር የሚጎድልብኝ።

[ከታች አስፋልቱ ይታያል፤ የላፍቶ ሚኒባስ ረዳት “ሜክሲኮ! በብስራተ ገብርኤል!” ይላል። ኢያቄም ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው፤ ከጋሪው ወረደ።]

ቀጄላ፦ ወዴት ነው?

ኢያቄም፦ አነካካሱን ላሳያቸው ነዋ።

[ሦስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ቀጄላ ሁለት ዙር የሲሚንቶ ጆንያ አመላልሶ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ኢያቄም ከሚኒባስ ወረደ። ጥቅሉ በእጁ የለም። ፊቱ ተቀጥቅጦ የተፈታ ሰው ፊት ይመስላል።]

ቀጄላ፦ እህ? ሳቁ?

ኢያቄም፦ [በግራ በኩል እየተቀመጠ] ሳቁ።

ቀጄላ፦ ብዙ?

ኢያቄም፦ መድረክ ወጥቼ “ዛሬ ኮከብ ሳይሆን አንድ ሞኝ አስተዋውቃችኋለሁ፤ ስሙ ኢያቄም አንድ ይባላል” አልኩ። ሥዕሉን ሰቀልኩት። እንዴት እንደተሞኘሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሳቁ እስከ ብስራተ ገብርኤል ደጃፍ ሳይሰማ አይቀርም።

ቀጄላ፦ ተማሪዎቹስ?

ኢያቄም፦ እነሱማ! ፍሮምሳ የሚባለው እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ እርስዎ ስምንት ወር ከሳቱት፣ እኛ በሁለት ደቂቃ ለሳትነው አምስት ማርክ አይጨመርልንም?”

ቀጄላ፦ ጨመርክላቸው?

ኢያቄም፦ አቶ ማኑሄ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨመሩላቸው።

ቀጄላ፦ እሱስ ደግ። ትልልቆቹስ? የሰማይ ሰዎቹ?

ኢያቄም፦ ሰብሳቢዋ ዶክተር ውዳሴ የሚባሉ ሴትዮ ናቸው። ሌላው ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻዬ ጠሩኝ።

ቀጄላ፦ አባረሩህ?

ኢያቄም፦ “ቅዳሜ ቅዳሜ ና” አሉኝ።

ቀጄላ፦ ኮከብ ልትፈልግ?

ኢያቄም፦ የለም። ጫጫታውን ልቆጥር። “ኮከብ የሚፈልግ ሞልቶናል፤ መሣሪያው መቼ መቼ እንደሚያለከልክ እየለካ የሚጽፍልን ነው ያጣነው” አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ኦቦ ቀጄላ። ኮከብ አግኚ ሆኜ ሄድኩ፣ የትንፋሽ ጸሐፊ ሆኜ መጣሁ።

ቀጄላ፦ ፊትህ ግን ያዘነ አይመስልም።

ኢያቄም፦ አላዘንኩማ! እሳቸውም እኮ በተማሪነታቸው እንደኔው ሆነዋል። ያንኑ ባሕር፣ ያንኑ ትንፋሽ ኮከብ ብለው ስም አውጥተውለት ነበር።

ቀጄላ፦ ማን ብለው?

ኢያቄም፦ ውዳሴ አንድ።

ቀጄላ፦ [እየሳቀ] “አንድ” የማያልቅ ዘር ነው! እና እንዴት ነቁ?

ኢያቄም፦ ውጭ አገር ነበሩ። ሁለት ፕሮፌሰሮች፣ አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ። ስህተቱን እስኪያገኙላቸው ሦስት ዓመት ፈጀ። “የአንተን ማን አገኘልህ? ምን ያህል ጊዜስ ፈጀ?” አሉኝ። “አንድ ባለጋሪ፤ ከፉሪ እስከ አስፋልቱ” አልኳቸው።

ቀጄላ፦ [ልጓሙን ሊነካ አነሣውና በአየር ላይ ያዘው።] ሦስት ዓመት?

ኢያቄም፦ ሦስት ዓመት።

ቀጄላ፦ [ራሱን በሐዘኔታ እየነቀነቀ] ምስኪን! የሚያለከልክ ፈረስ ከየት ያያሉ፣ መኪና ነበራቸዋ!